ወደ ጅማ በአውቶቡስ መምጣትና በከተማው ውስጥ መንቀሳቀስ፦ ከመናኸሪያ እስከ በር ያለችው መንገድ

የአዌቱ ዳር — ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ይህን ክር የከፈትኩት ባለፈው ወር አክስቴን የገጠማቸውን ነገር ካየሁ በኋላ ነው። አክስቴ ሰባኛ ዓመታቸውን ያለፉ እናት ናቸው፤ የሚኖሩት አዲስ አበባ ሲሆን፣ እዚህ ጅማ ሆስፒታል ተኝቶ የነበረውን ታናሽ ወንድማቸውን ለመጠየቅ ብቻቸውን ተነሥተው መጡ። እኔ በዚያ ሰሞን ለሥራ በደሌ ስለነበርኩ መናኸሪያ ቆሜ ልቀበላቸው አልቻልኩም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተሳፈሩበት አውቶቡስ ከወልቂጤ በኋላ ጎማው ፈንድቶ ለረጅም ሰዓት ቆመ፤ ጅማ ሲገባ መግሪብ ተሰግዶ አልቋል፣ ዝናቡም አላባራም ነበር። ወደ 350 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ጨርሰው የቀራቸው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ ያንገላታቸው ግን ይኸው ጥቂቱ ነው።

ያገኙት የባጃጅ ሹፌር «ወዴት ነዎት?» ሲላቸው «ዩኒቨርሲቲ» አሉት፤ ወንድማቸው የተኛው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውስጥ መሆኑን ስለሰሙ ነው። ሹፌሩም ወደ ቴክኖሎጂው ግቢ፣ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ ወሰዳቸውና በሩ ላይ አውርዶ፣ የኮንትራት ሒሳብ ተቀብሎ ሄደ። እሳቸው ጨለማው ውስጥ ሻንጣቸውን ይዘው ቆሙ። የደረሰላቸው የግቢው ጥበቃ ነው። የራሱን በርጩማ አምጥቶ አስቀመጣቸውና የዘመድ ስልክ እንዳላቸው ጠየቃቸው። ቁጥሬን በወረቀት ጽፈው የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውት ነበር፤ ሲፈቱት ዝናቡ አርሶት የመጨረሻዋ አኃዝ 1 ትሁን 7 አትለይም። ጥበቃው መጀመሪያ በ1 ደወለ፣ የማያውቀው ሰው አነሣ፤ ቀጥሎ በ7 ሲደውል እኔን አገኘኝ። ያ ሰው ባይኖር ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር ሳስብ ዛሬም ያስጨንቀኛል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ አንድ ነገር ታየኝ። ጅማ ለሚመጣ እንግዳ ሁላችንም የምንነግረው ስለ ረጅሙ መንገድ ነው፤ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ የት ምሳ እንደሚበላ፣ ትኬቱ ስንት እንደሆነ። ከመናኸሪያ ወርዶ ለባጃጅ ሹፌር ምን ብሎ መናገር እንዳለበት ግን አንነግረውም። «ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ቃል ጅማ ውስጥ ቦታ አይጠቁምም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው የተመሠረተ በመሆኑ ከጅምሩም በአንድ አጥር ውስጥ አልነበረም፤ ዋናው ግቢ ለብቻ፣ ግብርናው ለብቻ፣ ቴክኖሎጂው ለብቻ፣ የቢዝነስና ኢኮኖሚክሱም ለብቻ ነው። እዚህ ያደገ ሰው ይህን ሳያስብ ያውቀዋል፤ እንግዳ ግን ከየት ያውቀዋል?

ስለዚህ የመንገዱንም የከተማውንም የምታውቁትን እንድትጽፉልኝ እለምናለሁ። አክስቴ ወንድማቸው ለክትትል ስለሚመለስ እንደገና መምጣታቸው አይቀርም።

---

ተመላላሽ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ወንድሜ፣ አክስትህ በሰላም መግባታቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ለዚያ ጥበቃም እግዚአብሔር ይስጠው። እኔ በአዲስ አበባና በጅማ መካከል ለንግድ ስመላለስ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ ስለ መንገዱ የማውቀውን ላካፍል።

ከአዲስ አበባ መነሻው እንደ ተሽከርካሪው ዓይነት ይለያያል። የደረጃ አውቶቡሶች ከመናኸሪያ ይነሣሉ፤ ዘመናዊ የሚባሉት፣ ወንበራቸው የሚዘረጋውና ትኬታቸው አስቀድሞ የሚቆረጠው ደግሞ የራሳቸው መነሻ ቦታ አላቸው። ትኬት ስትቆርጡ «ከየት ነው የሚነሣው? ስንት ሰዓት ላይ መገኘት አለብኝ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ትኬቱ ጀርባ ላይ አስጽፉ። መነሻው ተቀይሮ ሳይሰማ የቀረና በተሳሳተ ቦታ ቆሞ ያነጋ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ሰዓቱንም «የሌሊቱ 11» ወይም «የንጋቱ 12» እያላችሁ ለይታችሁ ጻፉ።

መንገዱ በሰበታ ወጥቶ፣ በቱሉ ቦሎ በኩል 114 ኪሎ ሜትር ላይ ወሊሶን፣ ከዚያ ወልቂጤን ያገኛል። ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል። ይህ ቁልቁለት ለእኔ የጉዞው ሁሉ ወሳኝ ቦታ ነው፤ ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ይቀየራል፣ ጠመዝማዛው ይበዛል፣ የሚያስታውከው ሰው የሚያስታውከው እዚህ ነው፣ የፍሬንና የጎማ ችግርም ብዙ ጊዜ የሚከሠተው እዚሁ ነው። የጊቤን ድልድይ ተሻግሮ ሽቅብ ከወጣ በኋላ ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ እያለ ጅማ ይገባል። ሰርቦን ካያችሁ ስልክ ደውላችሁ ተቀባያችሁን ከቤት አስነሡ፤ የቀረው ጥቂት ነው።

ወንበር የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ ይህን አስቡበት፦ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲመጣ የጠዋት ፀሐይ የምትገባው በግራ በኩል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ለአዛውንት ከመካከለኛው ረድፍ በስተፊት፣ በቀኝ በኩል፣ ከመተላለፊያው ጎን ያለው ወንበር ይመቻል፤ መነሣትም መቀመጥም አያስቸግርም። ከኋላ ጎማ በላይ ያለው ወንበር ግን ወገብ ይጎዳል።

እንዲህም ሆኖ አውቶቡስ በሰዓቱ ይገባል ብሎ መተማመን አይቻልም። ማለዳ የተነሣ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ከቀትር በኋላ ይገባል ብሎ ቢያስብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጎማ፣ ኬላ፣ የመንገድ ጥገና ወይም አደጋ ካጋጠመ ጨለማ ይቀድመዋል። ስለዚህ ከማለዳው መኪና ውጭ ሌላ አማራጭ አትፈልጉ።

---

ቶሎ ደራሽ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። የአክስትህ ችግር የመጣው አውቶቡሱ ዘግይቶ ስለገባ ነው። ሃይሩፍ ሚኒባስ ተሳፍረው ቢሆን ኖሮ ቀን ላይ ይገቡ ነበር። ሚኒባስ ሰው ሲሞላለት ይነሣል፣ ምሳ ላይ ብዙ አይቆምም፣ ዳገቱም አያንገላታውም። እኔ አባቴን ሁልጊዜ የማመጣው በእሱ ነው፤ አንድ ቀንም አልመሸብንም። ለአዛውንት በአንድ ወንበር ላይ 9 ሰዓት መቀመጥም ራሱ ሕመም መሆኑን አንርሳ።

---

ተመላላሽ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

የመቀመጡን ነገር እቀበላለሁ፤ አውቶቡስ ውስጥ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ለትልቅ ሰው ከባድ ነው። ነገር ግን ሚኒባሱ ቶሎ የሚደርሰው በምን እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። የጊቤን ቁልቁለት እንደ ሜዳ የሚበርበት፣ በኩርባ ላይ የሚቀድም ሹፌር ገጥሞኝ «ቀስ በል» ብዬ ስለምን ተሳፋሪው ራሱ «ተወው፣ ያውቅበታል» ብሎ ዝም አሰኝቶኛል። በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ሲጨመር፣ መተላለፊያው ላይ በርጩማ ተዘርግቶ ትርፍ ሰው ሲጫን አደጋ ቢደርስ በየት በኩል ይወጣል? አባትህን የምታመጣበትን ሹፌር የምታውቀው ከሆነ፣ ሥነ ሥርዓት ያለው ሰው ከሆነ፣ ጥሩ ነው። ለማያውቅ እንግዳ፣ በተለይም ብቻዋን ለምትጓዝ እናት ግን አልመክርም። ሰዓት ለማትረፍ የተሻለው መንገድ በማለዳ የሚነሣውን ትልቁን አውቶቡስ መያዝ ነው እንጂ ፍጥነት አይደለም።

---

ባለ ባጃጅ ከኮቺ — ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ 7፡15

እኔ በዚሁ ከተማ ባጃጅ እነዳለሁ። ክሩን ያነበብኩት ሳዝን ነው፤ እኚያን እናት ያንገላታቸው ሰው የእኔው ባልደረባ ስለሆነ ሙያዬ አሳፈረኝ። እናት በጨለማ ስታወርድ በሩ ተከፍቶ ሰው መቀበሉን ሳታይ አትሄድም። እዚህ ላይ ምንም ምክንያት አላቀርብም።

ሌሎቹን ነገሮች ግን እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። ጅማ ላይ ባጃጅ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው «በሰው» የሚባለው ነው፤ በዋናው አስፋልት ላይ ተሳፋሪ እየጫነ እያወረደ ይሄዳል፣ ታሪፍ አለው፣ ርካሽ ነው። መርካቶ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ አጂፕ፣ ኮቺ፣ ሆስፒታል እያላችሁ በአቅጣጫው የሚሄደውን አስቁሙ። ወደ ውስጥ ግን አይገባም። ሁለተኛው «ኮንትራት» ነው፤ ባጃጁን ለብቻ ይዛችሁ እስከ በራችሁ የምትሄዱበት፣ ዋጋውም በስምምነት የሆነ። እንግዳ የሚጎዳው ሁለቱን ሳይለይ ሲሳፈር ነው። በሰው የሚሄድ መስሎት ይገባና ሲወርድ የኮንትራት ይጠየቃል። ስለዚህ እግራችሁን ከማስገባታችሁ በፊት «በሰው ነው? ኮንትራት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ኮንትራት ከሆነ ዋጋውን እዚያው ቁረጡ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰውን ማንም እንግዳ ነው ብሎ አያታልለውም።

ኮንትራት ሲመሽና ሲዘንብ ለምን ይወደዳል የሚል ቅሬታ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ማታ ላይ አንድ ሰው አድርሼ ስመለስ ባዶዬን ነው የምመለሰው። ቤንዚን ደግሞ በወረፋ ነው፤ ማደያ በር ላይ ግማሽ ቀን ቆሜ ሳይደርሰኝ ሲዘጋ በሃይላንድ የሚሸጠውን በውድ ገዝቼ የሠራሁበት ቀን ብዙ ነው። ይህ ማለት ግን የፈለጉትን ጠርቶ ሰውን መግፈፍ ይፈቀዳል ማለት አይደለም።

ቦታ ስትናገሩ የተቋሙን ስም ብቻ አትጥሩ፤ ሰፈሩን ወይም አጠገቡ ያለውን ነገር ጨምሩ። «ዋናው ግቢ»፣ «ቴክኖ፣ ኪቶ»፣ «ግብርና»፣ «ቢዝነስ፣ አጂፕ» ካላችሁን ማናችንም አንሳሳትም። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድም ጥሩ ምልክት ነው። ከተማው ውስጥ አማርኛ የማይሰማ ሹፌር ማግኘት ያስቸግራል፤ ነገር ግን «አካም» ብሎ ሰላም ያለን ሰው በተለየ ደስ ይለናል።

ሐሙስ ቀን መርካቶ አካባቢ የምትሄዱ ከሆነ ጊዜ ጨምሩ። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ ሲራራ ነጋዴ ከየአገሩ የሚገናኝበት ነበር፤ ዛሬም ሐሙስ ሲሆን ከየገጠሩ የሚገባው ሰውና ጭነት መንገዱን ይሞላዋል። በዚያ ቀን መድኃኒት ገዝቶ ወይም ታካሚ ይዞ በመርካቶ በኩል ማለፍ የሚፈልግ ሰው ለሹፌሩ አስቀድሞ ይንገረው፤ የምንዞርበት የውስጥ መንገድ አለ።

---

የተማሪ እናት — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡50

ስለምትጽፉት ሁሉ አመሰግናለሁ። ልጄ ዘንድሮ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች፤ ከቤት ወጥታ አታውቅም። በአውሮፕላን ብልካት ይሻላል ወይስ በአውቶቡስ? ሻንጣዋ ሁለት ነው፣ ፍራሽም አለ። እዚያ የሚቀበላት ዘመድ የለንም።

---

የአዌቱ ዳር — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

እናቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ከቦሌ ጅማ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ አየር ማረፊያውም ከከተማው ብዙ አይርቅም፣ በባጃጅ ይደረሳል። ነገር ግን በሁለት ሻንጣና በፍራሽ የሚያስከፍሉት ትርፍ ክብደት እንዳለ ያስቡት፤ በክረምትም ደመናው ሲከብድ በረራ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ፍራሽ ይዛ አትምጣ፤ ጅማ ላይ ሁሉም ይገኛል።

አዲስ ተማሪዎች በሚገቡበት ሳምንት ነባር ተማሪዎችና የዩኒቨርሲቲው አውቶቡሶች መናኸሪያ ድረስ ወጥተው ሲቀበሉ አይቻለሁ፤ ስለዚህ በጥሪው ቀን፣ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር፣ በማለዳው አውቶቡስ መምጣቷ ብቻዋን በአውሮፕላን ከመምጣቷ የበለጠ ይመቻታል ባይ ነኝ። ከመነሣቷ በፊት ግን የትኛው ግቢ እንደተመደበች በትክክል ትወቅ። የስልኳ ባትሪ ቢያልቅ እንዳትቸገር የግቢውን ስምና የእርስዎን ቁጥር በእስክሪብቶ ጽፈው በላስቲክ ጠቅልለው ይስጧት። የአክስቴን ወረቀት ካየሁ በኋላ ይህን ለሁሉም ሰው እናገራለሁ።

---

ነጭ ጋውን — ረቡዕ፣ ከንጋቱ 12፡30

የሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ አሁን ወጣሁ፤ ከመተኛቴ በፊት ግን ይህን ልጻፍ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከበደሌ፣ ከሊሙ፣ ከዳውሮ ረጅም መንገድ ተጉዘው የሚመጡ ታካሚዎችን በየቀኑ እቀበላለሁ። ሐኪሙ ፊት የሚቀርቡት በሕመማቸው ላይ መንገዱ ከጨመረባቸው ጉዳት ጋር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ውኃ። ብዙ እናቶች መንገድ ላይ ሽንት እንዳይቸግራቸው ብለው ከዋዜማው ጀምረው ውኃ አይጠጡም። ጊቤ ላይ ያለውን ሙቀት ተመላላሽ በደንብ ገልጾታል፤ ውኃ ሳይጠጡ በዚያ ሙቀት የተቀመጡ አዛውንትና ነፍሰ ጡሮች ራሳቸውን ስተው ሲመጡ አያለሁ። በጥቂት በጥቂቱ ይጠጡ፤ አውቶቡሱ በሚቆምበት ቦታ ሁሉ ወርደው እግራቸውን ያፍታቱ፤ ረዳቱንም «እናቴ መውረድ ትፈልጋለች» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ሌሊት ተነሥቶ ኢንሱሊኑን ወግቶ ሳይበላ መሳፈር የለበትም፤ በእጁ የሚበላ ነገር ይያዝ፣ ኢንሱሊኑን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አያስገባው፣ ፀሐይ ያበላሸዋል።

ሁለተኛው የመስኮት ነገር ነው፤ ይህ ጉዳይ ልቤን ያቃጥለዋል። ስድሳ ሰው በአንድ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ አንዱ ሲስል፣ መስኮት ሊከፍት የሞከረውን ሰው ሌላው «ብርድ ገባ፣ ምች ይመታናል» ብሎ ያስዘጋዋል። የሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በአየር ነው፤ አየር በማይንቀሳቀስበት፣ ሰው ተጠጋግቶ ለብዙ ሰዓት በሚቀመጥበት ቦታ ይተላለፋል። የሚገባው ነፋስ ማንንም አያሳምምም። መስኮቱን በግማሽ ክፈቱ፤ የበረደው ጋቢ ይደርብ። የሚያስለው ሰው ደግሞ አፉን በነጠላ ይሸፍን።

ሦስተኛ፣ ባጃጅ ለሁሉም ታካሚ አይሆንም። አጥንቱ የተሰበረ ወይም አከርካሪው የተጎዳ ሰው አጎንብሶ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ በኮብልስቶን ላይ እየተንገጫገጨ ሲመጣ የነበረው ጉዳት ይብሳል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ምጥ ለያዛት እናትም የወረዳው አምቡላንስ የሚሰጠው አገልግሎት በነፃ ነው፤ ባጃጅ ፍለጋ ከመውጣት አስቀድሞ ጤና ጣቢያ መደወል ይሻላል።

በመጨረሻም ቀጠሮ ያላችሁ ሰዎች ከሩቅ የምትመጡ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ግቡ። ካርድ ክፍል ወረፋ የሚያዘው በማለዳ ነው። በቀጠሮው ዕለት ከሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው ለሌላ ቀን ተመልሶ አልጋ ይከራያል፤ ያጠራቀማት ገንዘብ ሳይታከም በአልጋና በምግብ ያልቃል። የሪፈር ወረቀቱንና የቀድሞ ካርዳችሁን በእጃችሁ ያዙ፤ ሻንጣ ሊጠፋ ይችላል።

---

በክራንች የምሄድ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡45

አንድ እግሬን በልጅነቴ ያጣሁ ሰው ነኝ፤ ጅማ ተወልጄ እዚሁ እኖራለሁ። ለእኔ ከሁሉም ትራንስፖርት የሚመቸኝ ባጃጅ ነው፤ ወለሉ ዝቅ ስለሚል መጀመሪያ ተቀምጬ፣ ከዚያ ክራንቼን አስከትዬ እገባለሁ። የአውቶቡስ የመጀመሪያ ደረጃ ግን ከጉልበቴ በላይ ነው፤ ረዳቱ ደግሞ «ቶሎ ቶሎ» ይላል። ሰው ብብቴ ሥር ገብቶ ሲያነሣኝ ይጎዳኛል። ክራንቼን ይያዝልኝና ክንዱን ይስጠኝ፤ ራሴን እወጣለሁ። ይህን የሚጠይቀኝ ረዳት በዓመት አንድ ቢገጥመኝ ነው።

ባለ ባጃጅ ከኮቺ፣ ለአንተ አንድ ጥያቄ አለኝ። መንገድ ዳር ቆሜ እጄን ስዘረጋ ብዙ ባጃጆች የሚለምን መስሏቸው ያልፉኛል። ሥራ የምገባ ሰው ነኝ፤ ሒሳቤን የምከፍል ሰው ነኝ። በዝናብ ሦስትና አራት ባጃጅ ባዶውን ሲያልፈኝ የሚሰማኝን ለባልደረቦችህ ንገርልኝ።

---

ባለ ባጃጅ ከኮቺ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

ወንድሜ፣ ይህን በማንበቤ ልቤ ተነካ። እኔም ሳላስተውል አልፌህ ሊሆን ይችላል። ነገ ጠዋት ተራ ላይ ስንገናኝ ያልከውን እንዳለ አነብላቸዋለሁ።

---

ከቦንጋ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡00

እስካሁን የተጻፈው በሙሉ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ነው። ጅማ ግን ለእኛ ለምዕራቦቹ ማለፊያ ናት፤ በአንድ በኩል በአጋሮ ወደ በደሌ፣ መቱና ጋምቤላ፣ በሌላ በኩል በሸቤ፣ ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ቦንጋና ሚዛን የሚሄደው ሁሉ እዚሁ መናኸሪያ ይገናኛል። ከቦንጋ ጅማ 100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ከሚዛን ግን እጥፉ ነው፤ ከዚያ የሚነሣ ሰው አዲስ አበባ በአንድ ቀን እገባለሁ ብሎ አያስብ። ጅማ አድሮ በማግሥቱ በማለዳው መኪና መሄድ አለበት። የሚያድርበትንም አልጋ ከመናኸሪያው በእግር በሚደረስበት ቦታ ቢይዝ ሌሊት 11 ሰዓት ባጃጅ ፍለጋ አይቸገርም፤ በዚያ ሰዓት የሚገኘው ባጃጅ ጥቂት ነው፣ የሚጠይቀውም ኮንትራት ነው።

ወደ አጋሮ፣ ወደ ሰቃ፣ ወደ ዴዶና ወደ ሸቤ የሚሄዱት ቅርብ መኪኖች ሰው ሲሞላላቸው የሚነሡ ስለሆኑ ቀኑን ሙሉ አሉ። ወደ ሩቁ የሚሄዱት ግን ጠዋት ካመለጡ አመለጡ። መናኸሪያ በር ላይ ሻንጣ ተቀብሎ «ና፣ አሁን ይነሣል» የሚል ደላላ ሲገጥማችሁ ሻንጣችሁን አትስጡ፤ መኪናው ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ትኬቱን ከመስኮቱ ወይም ከረዳቱ ቁረጡ። ጣሪያ ላይ ዕቃ ስታስጭኑም ሸራ መሸፈኑን ሳታዩ አትግቡ። ባለፈው ዓመት ለእናቴ የገዛሁት አንድ ከረጢት ስኳር ሸራ ሳይለብስ ተጭኖ፣ ቦንጋ ስደርስ ግማሹ በዝናብ ሟሙቶ በመስኮቱ ላይ እየወረደ ነበር።

---

ቶሎ ደራሽ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡35

ተመላላሽ ስለ ትርፍ ሰው ያነሣኸው ነገር ሲያብሰለስለኝ ዋለ። በእኛ መስመርም ሰው ሲጨመር ዝም ብዬ ያየሁበት ቀን አለ። አባቴን የምናመጣበትን ሹፌር እናውቀዋለን፣ አይጭንም። ለማያውቅ ሰው መምከሬ ግን ስህተት ነበር፤ ሐሳቤን ትቼዋለሁ።

በዚህ አጋጣሚ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥትን ማየት ለሚፈልግ እንግዳ በባጃጅ መሄዱ ይመቻል? ዘመዶቼ ለበዓል ይመጣሉ።

---

የአዌቱ ዳር — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ይመቻል። ጅሬን ከመሐል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገት ስለሆነ በኮንትራት ደርሶ መልስ ተነጋግሮ፣ የሚጠብቅበትንም ሰዓት ዋጋው ውስጥ አስገብቶ መያዝ ይሻላል። እላይ ደርሳችሁ ባጃጁን ከለቀቃችሁት መመለሻ ማግኘት ያስቸግራል። በሦስት ሰው ሂዱ፤ አራተኛ ከሹፌሩ ጎን መጫን የተከለከለ ከመሆኑም በላይ በዚያ ዳገት ላይ አደጋ ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ። ትናንት ማታ ደውለው በመጪው ሳምንት እንደሚመጡ ነግረውኛል። የጻፋችሁትን ሁሉ በስልክ አነበብኩላቸው። ቅዳሜ ትኬት ይቆረጣል፤ በቀኝ በኩል፣ ከመተላለፊያው ጎን። ስለ መስኮቱ ስነግራቸው ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እኔ ነኝ ሁልጊዜ የማስዘጋው» አሉኝ። ጋቢ ይዘው ይመጣሉ። ወረቀቱንም እኔው ጻፍኩት፣ በትልልቅ ፊደል፦ «ሆስፒታል፤ ዋናው ግቢ አጠገብ፤ ኪቶ አይደለም»። ከሥሩ ስልኬን በቁጥርም በፊደልም ጽፌ በላስቲክ ጠቅልዬ በሚመጣ ሰው እልክላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። በዚያ ቀን እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ከ10 ሰዓት በፊት መውጣት አልችልም።

---

ባለ ባጃጅ ከኮቺ — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡50

ቀኑንና የአውቶቡሱን ዓይነት በውስጥ መልእክት ላክልኝ። ሰርቦ ሲደርሱ ለአንተ ይደውሉ፣ አንተ ለእኔ ትደውላለህ፤ መናኸሪያው በር ላይ ስማቸውን ጠርቼ እቀበላቸዋለሁ። የሚከፍሉት በታሪፍ ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ከጥበቃው ጋር አገናኝቼ፣ ወንድማቸው ያለበት ክፍል መግባታቸውን ሳላረጋግጥ አልሄድም።